ሐኪም ሲያየው የሚድን ትራክተር

"መብራት አብርተህ አድረሃል፣ አይደል?"

ለታናሽ ወንድሜ ስደውል ከሰላምታ ቀጥሎ ይህን መጠየቅ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። እሱ አርሲ፣ ኢተያ ነው የሚኖረው። የአባታችንን ትራክተር ይዞ የራሳችንን ያርሳል፣ ለሰውም በኪራይ ያርሳል። እኔ አዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው ሒሳብ እሠራለሁ። ትራክተሩ ባትሪ ይበላል። በሁለት ዓመት ሦስት ባትሪ! ሦስተኛውን የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ ጥያቄዬ ውስጥ ቁጣ አለበት። እሱ አይከራከርም። "ኧረ አላበራሁም" ይላል፣ ከዚያ ዝም። ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩበት። የባትሪውን ዋጋ ረስቼዋለሁ። ያ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ትራክተሩ ማሲ ፈርጉሰን 165 ነው። አርሲ ላደገ ሰው ማሲን ማስተዋወቅ ድፍረት ነው። ለሌላው ግን፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ያለው፣ ሁሉ ነገሩ በመፍቻ የሚፈታ የእንግሊዝ ሥራ ነው። ኮምፒዩተር የለው፣ ሴንሰር የለው። ኤሌክትሪኩ ከአንድ ክፍል ቤት መስመር አይበልጥም። ባትሪ፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ፣ ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላው አልተርኔተር፣ ጥቂት መብራት፣ ጥቂት ሽቦ፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ያታልላችኋል ብሎ የነገረን ሰው ቢኖር እንስቅበት ነበር።

## ቁልቁለት ላይ ማደር

አሮጌ የናፍጣ ሞተር አንድ ክፉ ጠባይ አለው። አንዴ ከተነሣ ባትሪ አይለምንም። ናፍጣው የሚነደው በታመቀ አየር ሙቀት እንጂ በብልጭታ አይደለም። ማሲን ለማጥፋት እንኳ እጀታ ይሳባል እንጂ ቁልፍ አይዘጋም። ስለዚህ ባትሪው ምንም ሳይሞላ ትራክተሩ ሲሠራ ይውላል። ጉዱ የሚታወቀው በማግስቱ ጠዋት ነው፣ ያውም በጭላሎ ተራራ ብርድ፣ ሞተሪኖው "ቀጭ" ብሎ ሲቀር።

ወንድሜ ዘዴ አላጣም። ማታ ማታ ከግቢያችን በላይ ያለው ዳገት ላይ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ያቆመዋል። ጠዋት ፍሬኑን ይለቃል። ትራክተሩ ትንሽ ሲንደረደር ማርሽ ያስገባና ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ያደርጋል። ሞተሩ ተንተክትኮ ይነሣል። ሰፈሩም ለምዶታል። አንድ ጎረቤታችን እንዲያውም "ሰዓቴ ነው" ይላሉ። ትራክተሩ ሲንደረደር ሰምተው ነው የሚነሡት።

ደግሞ ችግሩ ወቅት ያውቃል። በእርሻ ጊዜ፣ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ፣ ባትሪው ደህና ነው። እህል ከገባ በኋላ፣ የትራክተሩ ሥራ ውሃ ማመላለስና ጭድ መጎተት ሲሆን፣ ባትሪው ይሞታል። ይህን ወንድሜ በስልክ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን "ሥራ ሲቀንስ ይዘናጋል" ብዬ ተረጎምኩት። የታማሚውን ቃል ሳይሰማ መድኃኒት የሚጽፍ ሐኪም ብትፈልጉ እኔን ማየት ነው።

## 14.1

ጋራዥ አልሄደም እንዳትሉ። አሰላ ሁለት ጊዜ ሄዷል። ሁለቱም ጊዜ ምርመራው አንድ ዓይነት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ የቮልት መለኪያውን፣ የመልቲሜትሩን፣ ሁለት ጫፎች ባትሪው ላይ ያሳርፋል። ሞተሩ ጠፍቶ 12.1። "ባትሪው ተርቧል" ይላል። ከዚያ ሞተሩ ይነሣና ነዳጅ ይሰጠዋል። ሞተሩ ሲጮህ ቁጥሩ ይዘላል። 14.1። "አየህ? አልተርኔተሩ ያመርታል። ጤነኛ ነው። የሞተው ባትሪህ ነው።"

ሰውዬው ልክ ነበር። የ12 ቮልት ባትሪ ጠግቦ ሲያርፍ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ሞተር እየሠራ በደንብ ሲሞላ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4። 14.1 የጤና ቁጥር ነው። ባትሪውም የእውነት ሞቷል። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ከከረመ ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ነገር ይጋገርባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ብትሞላውም አይዝም። ማንም ውሸት አልተናገረም። ሁሉም ሬሳውን አይተው ገዳዩን በሰላም አሰናበቱት እንጂ። አዲስ ባትሪ ይገባል፣ ጥቂት ወር ይቆያል፣ ይሞታል።

የካቲት ላይ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ከመርካቶ መልቲሜትር ይዤ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልጀምር ብዬ ተነሣሁ።

አልተርኔተሩን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ፣ ደህና ነው። የባትሪውን ራሶች በሙቅ ውሃ አጠብኩ። ማታ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቼ በመሃል መልቲሜትሩን አስገባሁና የሚያፈስ ነገር ካለ አየሁ። ምንም የለም። ሌሊት ደግሞ፣ ይህን ለወንድሜ አልነገርኩትም፣ እየተነሣሁ መብራቱን አየሁ። ሁለት ሌሊት ድርግም ብሎ ጠፍቶ አደረ። ባትሪው ግን በየቀኑ ወረደ። ያኔ ትንሽ አፈርኩ።

ከዚያ ባትሪውን ከትራክተሩ አካል ጋር የሚያገናኘው፣ "መሬት" የሚባለው ገመድ ጋ ደረስኩ። ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር፣ ሞተሪኖው እየዞረ እያለ፣ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ለካሁ። ግማሽ ቮልት እንኳ ከደረሰ ብዙ ነው። የኛ 1.2 ሆነ። ገመዱ አካሉ ላይ የታሰረበትን ቦታ ስፈታው ከሥሩ ቀለምና ዝገት ብቻ። በብረት ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈገፈግኩት፣ 0.2 ሆነ። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ አጎታችን ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ችግሩን አገኘሁት። መሬቱ ነው!"

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ደሞ ማን ከሰሰን?" አለኝ።

ሞተሪኖው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ ጎረምሳ ዞረ። በሁለተኛው ቀን ግን ባትሪው ተኛ። የመሬቱ ገመድ የራሱ የሆነ ቁስል ነበር እንጂ በሽታው እሱ አልነበረም።

## ለቅሶ ቤት

ዓርብ ሌሊት ከኛ ግቢ ቀጥሎ ያሉት እናት አረፉ። ጠዋት በራቸው ላይ ድንኳን ተተከለ። እድሩ አግዳሚ ወንበርና በበርሜል ውሃ የሚያመጣለት ፈለገ። ያው የኛው ማሲ ነዋ። ባትሪው ቻርጀር ላይ ስላደረ ያስነሣል። ተሳቢው ታሰረ። እኔ ለመለካት ብዬ መልቲሜትሩን ባትሪው ላይ ሰክቼ ነበር። ልነቅል ስጎነበስ ወንድሜ ቁልፉን አዞረው።

ጋሼ ጋቢውን እንደለበሰ ከድንኳኑ ወጥቶ እጁን አወረደ፣ አወረደ። "ቀስ! ሰው እያለቀሰ ነው።"

ወንድሜ ሁልጊዜ ሲያስነሣ ነዳጅ ሰጥቶ አንድ ሁለቴ ያስጮኸዋል። ሁሉም ሹፌር እንደዚያው ነው፣ የጋራዡም ሰው እንደዚያው። ያን ቀን ግን አንድም ጊዜ አላስጮኸውም። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ዱግ ዱግ እያለ፣ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪመጣ ቆመን ጠበቅን።

ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ነው። 12.5። ትንሽ ቆይቶ 12.4። ቁልፍ ያዡ አልመጣም። አምስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። 12.3። ሞተሩ ይሠራል፣ ቺንጋው ይዞራል፣ አልተርኔተሩ ይሽከረከራል፣ ባትሪው ይወርዳል። ይህን ቁጥር ከኛ ቤት ሰው ማንም አይቶት አያውቅም። ጋራዥም ያየው የለም።

ሰውዬው መጣ፣ መልቲሜትሩን ነቀልኩ፣ ሄዱ። ታች አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ወንድሜ ነዳጅ ሲሰጠው ከሩቅ ሰማሁ። ተመልሰው ሲመጡ ሞተሩ ሳይጠፋ እንደገና ለካሁ። በዚያው በሚኒሞ፣ በዚያው ዱግ ዱግ። 14.0።

"አላልኩህም? ጤነኛ ነው" አለኝ ወንድሜ፣ አግዳሚ እያወረደ።

ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ሞተር፣ አንድ ፍጥነት፣ ሁለት ቁጥር። በመሃል የተለወጠው ምንድን ነው? ሞተሩ አንዴ ጮኋል፣ ሌላ ምንም የለም። እንግዲያው አልተርኔተሩ ካልጮኹበት አይነቃም ማለት ነው። አንዴ ከነቃ ደግሞ ሞተሩ እስኪጠፋ አይተኛም። አንዲት እናት ንፍሮ ሲያዞሩ አቀርቅሬ አዩኝና "አይዞህ ልጄ፣ ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት" አሉኝ። አሜን አልኩ። ነፍሳቸውን ይማር፣ እኔ የማስበው ስለ አልተርኔተር ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል አድሮ ጤና ጣቢያ ሲደርስ የሚስቅ ሕፃን አለ አይደል? እናቱ የምትለውን የሚያምን ይጠፋል። የኛም ትራክተር እንደዚያው ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ለመመርመር ነዳጅ ሲሰጠው ያድነዋል፣ ከዚያ የዳነውን ይለካል። በእርሻ ወቅት ጠዋት ማሳ ላይ በሙሉ ኃይል ስለሚነዳ ቀኑን ሙሉ ይሞላል። ውሃ ሲያመላልስ፣ ቀስ እያለ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር፣ ነቅቶም አያውቅ። ወንድሜ ዓመት ሙሉ በስልክ የነገረኝ ይህንኑ ነበር።

## እርሾ

ግን ለምን አይነቃም?

አልተርኔተር ማግኔቱን የሚሠራው ራሱ ነው። ካመረተው ኤሌክትሪክ ጥቂቱን ለራሱ መልሶ፣ መሃል ላይ የሚዞረውን ጥቅል ሽቦ ማግኔት ያደርግበታል። ታዲያ ገና ሳያመርት ከየት ያመጣዋል? እናቴን ብትጠይቋት አይከብዳትም። ሊጥ ያለ እርሾ አይቦካም። የአልተርኔተር እርሾ የምትመጣው ከባትሪው ነው፣ ቁልፍ ሲከፈት፣ በዳሽቦርዱ ቀይ መብራት በኩል አልፋ። ያቺን መብራት ሁላችንም ጠቋሚ ብቻ አድርገን ነው የምናያት። እንደኛ ባለው አልተርኔተር ላይ ግን መንገድም ናት። አምፖሏ 2.2 ዋት ናት። የምታሳልፈው የአንድ አምፔር ሩብ እንኳ አይሞላም። ለእርሾ ግን ይበቃል።

እርሾው ከቀረስ? ያልታጠበ ቡሃቃ ላይም ትንሽ ነገር አይጠፋም። በብረቱ ውስጥ ከድሮ የቀረ ደካማ ማግኔት አለ። ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር ያቺ ቅሪት ሥራ ትጀምራለች። ነዳጅ ሲሰጠው የሚነቃው በእሷ ነው።

ከቀብር ስንመለስ ወንድሜን ጠየቅኩት። "ቁልፍ ስትከፍት ቀይዋ መብራት ትበራለች?"

"በርታ አታውቅም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ መንዳት ከጀመርኩ። ደህና ስለሆነ ነዋ የማትበራው።"

ልጁ ምን ያጥፋ? ቀይ መብራት ካልበራ ሰላም ነው ብለን ነው ያደግነው። ይህች መብራት ግን "ሳይቃጠል በቅጠል" ተብላ የተሠራች ብትሆንም ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቁልፍ ሲከፈት መብራት አለባት። ሲነሣ ነው የምትጠፋው። በሁለቱም ጊዜ ከጠፋች ራሷ ሞታለች ማለት ነው።

## ናስትሮው

ዳሽቦርዱን በአራት ብሎን ፈታነው። ከኋላ የአምፖሏ መያዣ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ባዶ ነው። ከላይ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። የናስትሮው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ወንድሜም እኔም ያቺን እጥፋት ስናይ ዝም አልን። አባታችን ናስትሮ ሲጨርስ ጫፉን ሁልጊዜ ያጥፍ ነበር። "ነገ የሚፈታው ሰው በጥፍሩ እንዳይቧጥጥ" ይል ነበር። ቤታችን ውስጥ የሬዲዮው ገመድም፣ የባትሪ መብራቱም፣ የአካፋው እጀታም እንደዚያ ነው የታሰረው።

የቀረውን ጋሼ ሞላልን። ድሮ ትራክተሩ በአልተርኔተር ፈንታ ዲናሞ ነበረው። ዲናሞው እያረጀ ሲሄድ ያቺ መብራት ሥራ ላይም ደብዘዝ እያለች ትበራ ጀመር። አባቴ ደግሞ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሳይቀድም ተራ የያዘውን ሰው ለመጨረስ፣ ሌሊት ያርስ ነበር። "ዓይኔን ወጋችኝ አለና ነቀላት" አለ ጋሼ። ምንም አልሆነም። ዲናሞ ወፍራም ብረቱ ውስጥ የራሱን ማግኔት ይዞ ይቆያል። መብራቷ ለእሱ ጠቋሚ ብቻ ነበረች። ለዓመታት ያለ እሷ ሠራ።

ከሁለት ዓመት በፊት ዲናሞው ተቃጠለ። ወንድሜ ባለ 45 አምፔር አልተርኔተር አስገጠመ፣ ጥሩ አደረገ። ገጣሚውም ወፍራሙን ሽቦ በቦታው፣ ቀጭኑን ሽቦ በቦታው አስሯል። ቀጭኑ ሽቦ ሄዶ ሄዶ የሚያልቀው ግን ባዶ መያዣ ውስጥ ነበር። ያኔ ዳሽቦርዱን ለመክፈት ምን ምክንያት አለው?

ጥፋተኛ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ሌላው ነው። ከአባታችን የወረስነው ሌላም ልማድ ነበር። ዲናሞ የሚሠራ መሆኑን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቀል ያደርግ ነበር። መብራቱ ካልጠፋ ደህና ነው። ወንድሜም ይህንኑ አልተርኔተሩ ላይ ሲያደርግ ከርሟል። አልተርኔተር ላይ ይህ የዲዮድ፣ ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው የውስጥ ዕቃ፣ መቃጠያ ነው፣ ባትሪው ሲለቅ ቮልቱ ያለ ልጓም ይዘላል። እስካሁን አለመቃጠሉ ዕድል ነው። ማሽኑ ሲቀየር እጃችን አልተቀየረም።

ናስትሮውን በጥፍሬ ያዝኩት፣ በአንድ ስባት ተፈታ። አምፖሏን ከኢተያ ሱቅ ገዛን፣ ዋጋዋ ከሁለት ሻይ አይበልጥም። ወንድሜ ኤልኢዲ ይሻላል ብሎ ነበር። ለዚህ ቦታ አይሆንም፣ ኤልኢዲ የሚያሳልፈው በጣም ትንሽ ስለሆነ እርሾው ያንሳል። ቁልፉ ተከፈተ፣ ቀይዋ በራች። ሞተሩ ተነሣ፣ ማንም ነዳጅ አልሰጠም። ቀይዋ ጠፋች። 13.9።

አንድ ነገር ብቻ ለወንድሜ ደጋግሜ ነገርኩት። ከዳገት አንደርድሮ ቢያስነሣው እንኳ ቁልፉን አስቀድሞ ይክፈት። ቁልፍ ካልተከፈተ መብራቷ በቦታዋ ብትኖርም ምንም አታሳልፍም። ሲያንደረድር ቁልፍ ከፍቶ አያውቅም ነበር፣ ለምን ይከፍታል?

ስለዚያ የስልክ ጥያቄዬ ይቅርታ በደንብ አልጠየቅኩትም። አምፖሏ ስትበራ "መብራት ያበራሁት ዛሬ ነው" አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ በዚያው አለፈ። ከአዲስ አበባ አሥር አምፖል ልኬለታለሁ። ትርጉሙ ገብቶት እንደሆነ እንጃ።

በሳምንቱ አሰላ ላለው ኤሌክትሪሺያን ደወልኩለት። ልወቅሰው አልነበረም፣ ሁለት ጊዜ የለካው ቁጥር ልክ ነበርና። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኩት። ስለ ለቅሶው ሁሉ። መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ "ማን በሚኒሞ ይለካል?" አለ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ፣ አለሁ" አለኝ። "አንድ ኢሱዙ አለኝ፣ በዓመት ሁለት ባትሪ የቀየረ። ቆይ ልደውልለት። አምፖሏ ስንት ዋት ነው ያልከኝ?"